ለዳክቱ ውድ ማይክ ልግዛ ወይ?

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠራ አንዲት ተማሪ የላከችልኝ ጥያቄ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ 40 በ40 ሳንቲም የሆነ የላሜራ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) አለኝ። ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ባለ 7 ክንፍ ፋን ተገጥሟል፤ በደቂቃ 1,440 ዙር ይዞራል። የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ነው። የፋኑን ድምፅ በስፒከር ድምፅ ማጥፋት ነው ሐሳቤ። አንድ ተራ ኤሌክትሬት ማይክ ፋኑ አጠገብ፣ ከስፒከሩ 60 ሳንቲም ርቀት ላይ አድርጌያለሁ። ሁለተኛው ማይክ ዳክቱ አፍ አካባቢ፣ ከጫፉ 90 ሳንቲም ገባ ብሎ ነው። ኮንትሮለሩ ላፕቶፔ ነው። ያገኘሁት ቅናሽ ግን 3 ዴሲቤል ብቻ! አንዳንዴ ደግሞ ስፒከሩ ራሱ ያፏጫል። አማካሪዬ ማይኩ ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎኛል። የመለኪያ ማይክ ዋጋው አይቀመስም። ልግዛ ወይ? ደግሞስ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል?»

አጭሩ መልስ፦ አትግዢ። ረጅሙን ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ማይኩን ከክስ ነፃ ላውጣው። ኤሌክትሬት ማይክ ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1962 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ የሠሩት ዓይነት ማይክ ነው። ርካሽ መሆኑ ደካማ አያደርገውም። የራሱ የውስጥ ሹክሹክታ 30 ዴሲቤል ገደማ ነው። አንቺ የገለጽሽው ዓይነት ዳክት ውስጥ ያለው ድምፅ ደግሞ 80 እና 90 ዴሲቤል ቢሆን አይገርመኝም። የ50 ዴሲቤል ልዩነት እያለ ማይኩ ድምፁን ለመስማት አይቸገርም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ድምፅ ያልሆነ ነገርም አብሮ ይሰማል።

ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ስልክ የሚያወራ ሰው ደውሎልሽ ያውቃል? «ፍፍፍፍ» የሚለው ሁሉን ይውጠዋል። ሰውየው አጠገብ የተቀመጠው ግን ያን ድምፅ አይሰማውም። ለምን? ነፋሱ ማይኩ ላይ ሲጋጭ እዚያው የሚፈጠር የግፊት መዋዠቅ እንጂ አየር ውስጥ የሚጓዝ ድምፅ ስላልሆነ ነው። ያንቺ ማይክ በሰከንድ 10 ሜትር በሚሮጥ አየር መሀል ነው ያለው፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መስኮቱ የተከፈተ ሚኒባስ ማለት ነው።

አሁን ይሄ ለምን እንደሚጎዳሽ እንይ። ዘዴው ያረጀ ነው። ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመን ውስጥ አመልክቶ በ1936 የአሜሪካ ፓተንት አግኝቶበታል። ሥዕሉ ላይ ያለው ያንቺው ነገር ነው፦ ቱቦ፣ ማይክ፣ ማጉያ፣ ስፒከር። የፊተኛው ማይክ የሚመጣውን ሞገድ ቀድሞ ይሰማል። ኮንትሮለሩ የዚያን ተቃራኒ ያሰላል፣ ስፒከሩ ይለቀዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። እሱ ያልነበረው ፈጣን ዲጂታል ፕሮሰሰር ነበር፤ ነገሩ ከወረቀት ወርዶ በደንብ የሠራው በ1980ዎቹ ነው።

እንግዲህ የፊተኛው ማይክ፣ ሪፈረንስ የምንለው፣ ግማሹን ነፋስ ከሰማ ኮንትሮለሩ ያንንም እንደ ድምፅ ይወስደዋል። የነፋሱ ግርግር ግን እየተንከባለለ ሲሄድ ቅርፁን ይቀያይራል፤ ስፒከሩ ጋ ሲደርስ የበፊቱ አይደለም። ስለዚህ ሊጠፋ አይችልም። ይባስ ብሎ ስፒከሩ እሱን ለማጥፋት ብሎ የለቀቀው አዲስ ጫጫታ ይሆናል። ኮንትሮለሩ ይሄን ሲያይ ፈርቶ ድምፁን ይቀንሳል። ውጤቱ ያንቺ 3 ዴሲቤል ነው።

3 የሚለውን ቁጥር ሳይ ፈገግ ያልኩት ለዚህ ነው። ሁለት ማይኮች ምን ያህል አንድ ነገር እንደሚሰሙ የሚለካ ኮሄረንስ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከ0 እስከ 1 ነው። ልታገኚው የምትችዪው ከፍተኛ ቅናሽ በእሱ ይወሰናል። ከ1 ላይ ኮሄረንሱን ቀንሺ፣ የቀረውን በሎጋሪዝም ወደ ዴሲቤል ቀይሪ። 0.5 ከሆነ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 0.9 ከሆነ 10። 20 ዴሲቤል የምትፈልጊ ከሆነ 0.99 ያስፈልጋል። የፈለገ የረቀቀ ፕሮግራም ብትጽፊ ከዚህ ጣሪያ አታልፊም። ውድ ማይክም ነፋሱን ያው አጥርቶ ይሰማዋል እንጂ ጣሪያውን አያነሳልሽም።

ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት ይሄን አድርጊ። ኮንትሮለሩን አጥፊው፣ ስፒከሩ ዝም ይበል፣ ፋኑ ይሥራ። ሁለቱን ማይኮች ለሁለት ደቂቃ ያህል ባንድ ላይ ቅጂ። ከዚያ በፓይተንም ሆነ በማትላብ ኮሄረንሱን በየድግግሞሹ አውጪ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቅጂውን ወደ ብዙ አጫጭር ቁራጮች ከፋፍለሽ አማካይ ካልወሰድሽ፣ ባንድ ቁራጭ ብቻ የተሠላ ኮሄረንስ ሁሌም 1 ይወጣል። ይሄን አይተው «ፍጹም ነው!» ብለው የፈነደቁ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

ግራፉ ላይ 168 ሄርዝ ላይ ሹል ጫፍ ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። 1,440 ዙር በደቂቃ ማለት 24 በሰከንድ ነው፤ በ7 ክንፍ ሲባዛ 168። እዚያ ላይ ኮሄረንሱ ጥሩ ይሆናል፤ የፋኑ ድምፅ ስለሚበረታ። ከዚያ ዝቅ ባለው አካባቢ፣ በተለይ ከ100 ሄርዝ በታች፣ ይወርዳል። የነፋስ ግርግር ጉልበቱ እዚያ ነው፤ አንቺ መሥራት የምትፈልጊበት ክልል ላይ ማለት ነው።

መፍትሔው ነፋሱን ከማይኩ መነጠል ነው። ማይኩን በስፖንጅ ኳስ መጠቅለል ይረዳል፣ አይበቃም። የተሻለው የስንጥቅ ቱቦ ነው። የፋን ድምፅ ዳክት ውስጥ እንዴት እንደሚለካ የሚደነግገው አይኤስኦ 5136 ራሱ የዚህን ዓይነት ቱቦ ይጠቀማል። ተሠርቶ የሚሸጠው ውድ ነው፤ አንቺ ግን በግማሽ ቀን ትሠሪዋለሽ።

ማይክሽ ልክ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ ፈልጊ፤ ለኤሌክትሪክ መስመር የሚቀበረው የፕላስቲክ ቱቦ ይሆናል። ግማሽ ሜትር ያህል ቁረጪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጎኑ አንድ ጠባብ ስንጥቅ አውጪለት። ስንጥቁን በአቡጀዴ ሸፍኚና ጠርዙን ብቻ በማስቲሽ ለጥፊ፤ ጨርቁ ራሱ ማስቲሽ ከጠጣ ድምፅ አያሳልፍም። ወደ ፋኑ የሚያየውን ጫፍ በሾለ ቆብ ድፈኚ፣ ነፋሱን እንዲሰነጥቅ። ማይኩ በሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ውስጥ እያየ፣ ዙሪያው በሲልከን ተደፍኖ። ቱቦውን ዳክቱ መሀል ከአየሩ አቅጣጫ ጋር ቀጥ አድርገሽ እሰሪው።

ለምን ይሠራል? የ168 ሄርዝ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ገደማ ነው። ከቱቦው ውጭም ከቱቦው ውስጥም በተቀራራቢ ፍጥነት ይጓዛል፤ ስለዚህ በስንጥቁ በኩል በየቦታው የሚገባው እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ማይኩ ጋ ይደርሳል። የነፋሱ ግርግር ግን የሚሄደው ከአየሩ ፍጥነት ትንሽ ባነሰ ፍጥነት ነው። በዚያው 168 ሄርዝ ላይ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 5 ሳንቲም አይሞላም። ግማሽ ሜትር ቱቦ ላይ 10 ያህል ከፍታና ዝቅታ ይሰለፋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ተጣፍተው ይቀራሉ። ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለበትም። ጨርቅና ቱቦ ነው።

ቦታው ደግሞ አለ። ማይኩን ፋኑ አፍንጫ ሥር ነው ያደረግሽው። እዚያ አየሩ በጣም ይተራመሳል። ሌላም ጣጣ አለው። 40 ሳንቲም ስፋት ባለው ዳክት ውስጥ ከ429 ሄርዝ በታች የሆነ ድምፅ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ያንዱ ቦታ ግፊት ከሌላው እኩል ነው። ለዚህ ነው አንድ ማይክና አንድ ስፒከር የሚበቃሽ። ፋኑ አጠገብ ግን ወዲያው የሚከስሙ ሌሎች የሞገድ ቅርጾች አሉ፤ ግፊታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ168 ሄርዝ አንድ የዳክት ስፋት ያህል፣ 40 ሳንቲም፣ ስትርቂ የመጀመሪያው ቅርፅ 25 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በ400 ሄርዝ ግን በዚያው ርቀት 10 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ 80 ሳንቲም ያህል ራቂ። ኤልቦ (መታጠፊያ) ወይም ዳምፐር (የአየር መቆጣጠሪያ ክዳን) ካለ ደግሞ ከእሱም ሸሽ በይ። ከ429 ሄርዝ በላይ ያለውን ለዚህ ዘዴ አትስጪው፤ እዚያ ዳክቱን በፋይበር ግላስ መለበድ ይሻላል፣ ርካሽም ነው።

አሁን ወደ ጊዜ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ነው ላፕቶፑ ጉድ ያደረገሽ። ድምፅ 60 ሳንቲም ለመሄድ 1.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማይኩ ሰምቶ፣ ዲጂታል ሆኖ፣ ተሠልቶ፣ ተመልሶ አናሎግ ሆኖ፣ የስፒከሩ ወረቀት ተንቀሳቅሶ መጨረስ አለበት። በተራ ሳውንድ ካርድ የሚሠራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በአሥር ቤት የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። እንግዳው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በር ለመክፈት እንደመሮጥ ነው።

168 ሄርዙ ላይ መዘግየቱ አይጎዳሽም። ራሱን ስለሚደጋግም ኮንትሮለሩ የሚቀጥለውን ዙር መገመት ይችላል። መልክ የሌለው «ሹሹ» የሚለው ድምፅ ግን አይገመትም፤ ካልደረሽበት አመለጠሽ። የሰፊውን ድምፅ ቅናሽ ከፈለግሽ ከላፕቶፑ ወደ አንድ ትንሽ ዲኤስፒ ቦርድ፣ ለእንዲህ ያለ ስሌት ወደተሠራ ሰሌዳ፣ ውረጂ። ማይክ ለመግዛት ያሰብሽው ብር ካለ ለዚህ ይዋል። ከዚያ ርቀቱን ዘርጊው። ሪፈረንሱ ከፋኑ 80 ሳንቲም፣ ስፒከሩ 3.5 ሜትር ላይ ቢሆን በመሀላቸው 2.7 ሜትር አለ። አየሩም ድምፁን ስለሚገፋው 7.6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ታገኛለሽ። ለደህና ቦርድ ይበቃል። ስፒከሩ ራሱ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ እንደሚዘገይ ግን አትርሺ፤ ትልቁ በላተኛ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ስለ ከፍታው የጠየቅሽው፦ አይቀንስም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሰከንድ ነው፣ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም ጥግግቱም አብረው ስለሚወርዱ ይቻቻላሉ። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ግን 0.6 ሜትር ይጨምራል። ከፍታው የሚይዝሽ ሌላ ቦታ ነው፦ ማይኩን በፒስቶንፎን፣ መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ የማይክ ማስተካከያ መሣሪያ፣ ካሊብሬት ካደረግሽ። ፒስቶንፎን የሚያወጣው መጠን ከአየሩ ግፊት ጋር ይወርዳል። እኛ ጋ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ ወደ 2.4 ዴሲቤል ማስተካከል አለብሽ። ይሄን ረስቶ ሪፖርት የሚያስገባ ሰው ቁጥሮቹ በሙሉ እኩል የተዛነፉ ይሆናሉ።

ፉጨቱን ታውቂዋለሽ። ሠርግ ቤት ዘፋኙ ማይክ ይዞ ስፒከሩ ፊት ሲቆም «ፊይይይ» የሚለው ነው። ያንቺ ስፒከር ድምፁን ወደ ዳክቱ አፍ ብቻ አይለቅም፤ ወደ ኋላም ይለቃል። ሪፈረንሱ ይሰማዋል፣ ኮንትሮለሩ መልሶ ያጎላዋል፣ ክቡ ይዘጋል። ማይኩን ማራቅ ጥቂት ይረዳል። የስንጥቅ ቱቦውም ከኋላ የሚመጣውን ትንሽ ይቀንሳል፣ በ168 ሄርዝ ግን ብዙ አትጠብቂ፤ ቱቦው ለሞገዱ አጭር ነው። ዋናው መድኃኒት ሶፍትዌር ነው። ፋኑን አጥፊና ስፒከሩን በነጭ ጫጫታ (ሁሉንም ድግግሞሽ እኩል በያዘ «ሹሹ») አስጩኺው፤ ድምፁ ከስፒከሩ ሪፈረንሱ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚለወጥ ለኪ። ኮንትሮለሩ ሁልጊዜ «ይሄ የራሴ ድምፅ ነው» እያለ ከማይኩ ላይ ይቀንሰው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ኤሪክሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይሄን የሚመለስ ድምፅ ኮንትሮለሩ ራሱ እንዲማረው የሚያደርግ ማጣሪያ ሠርተው ነበር። እሱ ይረቃል፤ ለመመረቂያ ቀላሉ ይበቃሻል።

ዒላማሽ 168 ሄርዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ማይኩን ጭራሽ ተዪው። የፋኑ ዘንግ ላይ ትንሽ ማግኔት ለጥፊና ማግኔት ሲያልፍ በሚያውቅ ሆል ሴንሰር ዙሩን ቁጠሪ። ሴንሰሩ ነፋስ አይሰማም፣ ስፒከርም አይሰማም። ፉጨት የለም። የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ላይ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ኤሌክትሬት ማይክ ቻርጁን ያጣል።

የኋለኛው ማይክሽ፣ ኤረር የሚባለውና ያልጠፋውን ድምፅ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው፣ ከዳክቱ አፍ 90 ሳንቲም ገባ ብሎ ነው ያልሽው። አነበብኩትና አዘንኩ። ድምፅ ክፍት አፍ ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ይመለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሲደራረቡ በየግማሽ ሞገዱ ግፊት የሌለበት ነጥብ ይፈጠራል። ለ168 ሄርዝ ያ ነጥብ፣ አፉ ራሱ ትንሽ ወደ ውጭ እንደተዘረጋ ስለሚቆጠር፣ ወደ ውስጥ 88 ሳንቲም ገደማ ላይ ይወድቃል። ማይክሽ እዚያው ነው የተተከለው! ዋናውን ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ላይ ተቀምጦ «ሰላም ነው» ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ከአፉ 37 ሳንቲም ላይ አድርጊው፤ እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ከስፒከሩም ከ1 ሜትር በላይ ይርቃል። ለሌሎች ድግግሞሾች ሌላ ነጥብ ስላለ ሁለተኛ ኤረር ማይክ ቢኖር ይመረጣል። ርካሽ ማይክ ጥቅሙ ይሄው ነው፤ በአንድ ውድ ዋጋ ደርዘን ትገዢያለሽ። ይሄኛውንም ከነፋስ ሸፍኚው፣ መማሩ እንዳይንቀራፈፍ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥመን ሁለት ቀን ሙሉ ተቃጠልን። ስክሪኑ ላይ 50 ሄርዝ ጠፍቷል ይላል። ዳክቱ አፍ ላይ ስትቆሚ ግን ሆድሽን የሚያንቀጠቅጥ «እምምም» አለ። ፋኑን አጠፋነው። እምታው አለ! ስፒከሩን ነቀልነው፣ ጸጥ አለ። ለካ የሁለቱም ማይኮች ሽቦ ከሞተሩ የኃይል ገመድ ጋር ባንድ ላይ ታስሮ ነበር የተዘረጋው። ሁለቱም ማይኮች ከመብራት የመጣ 50 ሄርዝ በሽቦ በኩል ተጋብቶባቸዋል። ኮንትሮለሩ ታዲያ የሌለ ድምፅ ለማጥፋት ብሎ እውነተኛ ድምፅ ይፈጥር ነበር። ኮሄረንሱ ደግሞ እዚያ ላይ ያማረ ነበር፣ 1 ሊነካ። ስለዚህ ስትለኪ ፋኑንም አጥፍተሽ ሞክሪ። ዝም ባለ ዳክት ውስጥ ኮሄረንስ ካየሽ ሽቦሽን ተከተዪ። ሺልድ (የብረት መከላከያ ሽፋን) ያለው ሽቦ ተጠቀሚ፣ ከኃይል ገመድ አርቂው፣ መሻገር ካለበት በቀጥታ አቋርጦት ይለፍ።

ምናልባት ፕሮጀክቱ ወደ ምግብ ቤት ጭስ ማውጫ ከሄደ፦ ዘይትና የበርበሬ አቧራ አቡጀዴውን በሳምንታት ይደፍነዋል። እዚያ ማይኩን ከዳክቱ ጎን በተለጠፈ ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ከሚቀያየር ጨርቅ ኋላ አስቀምጪው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይሄ አያሳስብሽም።

መጀመሪያ ኤረር ማይኩን አንቀሳቅሺ፣ እሱ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ኮሄረንሱን ሁለት ጊዜ ለኪ፣ አንዴ ፋኑ እየሠራ፣ አንዴ ጠፍቶ። ቀጥሎ የስንጥቅ ቱቦውን ሥሪና እንደገና ለኪ። ሦስቱንም ግራፍ ላኪልኝ። አማካሪሽም ይያቸው፤ ኮሄረንሱ ከ0.9 በላይ ወጥቶ ድምፁ አሁንም አልወርድም ካለ ያኔ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ስለ ማይክ ዋጋ እናወራለን።